ያት ቻርተር፦ የቅንጡ ጀልባ ኮንትራት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ ባጃጅ አስቁሞ «ሼቻ፣ ኮንትራት ስንት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያት ቻርተር የሚባለውን ነገር ከግማሽ በላይ ያውቀዋል። ባጃጇን ለብቻው ይይዛታል፤ መንገድ ላይ ሌላ ሰው አይጫንበትም፤ የት እንደሚቆምና የት እንደሚጠበቅ የሚናገረው እሱ ነው፤ ዋጋው ሳይነሱ ይቆረጣል፤ መሪው ግን ከሾፌሩ እጅ አይወጣም። በግሪክ ወይም በክሮኤሺያ ደሴቶች መካከል ለአንድ ሳምንት ያት የያዘ ቤተሰብ የሚፈርመው ውል በመሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ለቃሉ አቻ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «የቅንጡ ጀልባ ኮንትራት» ቢባል ማንም ይገባዋል።

«ኪራይ ለምን አይባልም?» የሚል ይኖራል። ሁለቱን ቃላት ሕዝቡ በአገልግሎት ለይቷቸዋል። ቤት ወይም ብረት ድስት ሲከራዩ ንብረቱን ተረክበው ራስዎ ይጠቀሙበታል፤ ቢጎዳም ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ኮንትራት ሲይዙ ግን የሚወስዱት ንብረቱን ከነባለሙያው፣ ከነጊዜው ነው። የጀልባው ዓለምም ይህንኑ ልዩነት ያውቃል። የመንጃ ፈቃድ ያለው መንገደኛ ጀልባውን ባዶውን ተረክቦ ራሱ የሚነዳበት አሠራር አለ፤ ይህን «የጀልባ ኪራይ» ማለት ይበቃል። ካፒቴኑ፣ ወጥ ቤቱና አስተናጋጁ አብረው የሚመጡበት ደግሞ ኮንትራት ነው፤ መኪና «ከነሾፌሩ» እንደምንለው «ከነካፒቴኑ» ማለትም ይቻላል። ቅንጡ የሚባሉት ትላልቅ ያቶች የሚሰጡት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

«ያት» ራሱ ከሆላንድ የወጣ ቃል ነው። መነሻው አደን ማለት ሲሆን፣ ሌሎች መርከቦችን አባርሮ ለሚደርስ ፈጣን ጀልባ የተሰጠ ስም ነበር። በ1660 እ.ኤ.አ. ሆላንዶች ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ «ሜሪ» የምትባል ያት በስጦታ ሰጡትና ጀልባ ለደስታ መንዳት የነገሥታት ወግ ሆነ። «ቻርተር» ደግሞ የወረቀት ታሪክ አለው። በጥንቱ የሜዲትራንያን ንግድ የመርከብ ውል በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና ለሁለት ይቀደዳል፤ ባለመርከቡና ባለጭነቱ እኩሌታውን እኩሌታውን ይይዛሉ። ክርክር ሲነሣ ሁለቱ ቁራጮች ይገጠማሉ። እኛም ለጉዳዩ እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ ባለወደብ በነበረችበት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ መርከብ በውል ስለመያዝ የሚደነግግ ክፍል አለው።

በግሪክና በክሮኤሺያ ባሕር ዳርቻዎች ኮንትራቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ሲፈርሙ እኩሌታውን ቀብድ ይከፍላሉ፤ ቀሪው ከመሳፈሪያው ቀን አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ይገባል። ሰውን የሚያስደነግጠው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የተዋዋሉበት ዋጋ ጀልባውንና ሠራተኞቹን ብቻ ይሸፍናል። ነዳጁ፣ ምግቡ፣ መጠጡና የወደብ ክፍያው ሌላ ነው። ለዚህ ሲባል ከኮንትራቱ ዋጋ ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ለካፒቴኑ በቅድሚያ ይሰጠዋል። በአማርኛ «የስንቅ ገንዘብ» ብለው ነገሩን በትክክል የሚገልጸው ይመስለኛል፤ ካፒቴኑ ከእሱ እያወጣ ይመዘግባል፣ በመጨረሻው ቀን ሒሳቡን ያቀርባል፣ የተረፈው ይመለሳል፣ የጎደለው ይሞላል። ግብርና ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ጉርሻ ከዚህም ውጪ ናቸው።

አሁን አርባ ምንጭ ወዳለችበት ወደ ጋሞ ዞን እንምጣ። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ላይ መኝታ ቤት ያለው ያት የለም። ያለው ጀርባው ላይ ሞተር የታሰረለት፣ ብዙ ጊዜም የፀሐይ መከላከያ ጣሪያ ያለው ጀልባ ነው፤ ሌሊቱ የሚያልፈው በጀልባ ላይ ሳይሆን በሎጅ ወይም በሆቴል ነው። ይሁን እንጂ ሰው ለቅንጡ ጀልባ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት፣ ማለትም ዳርቻን ከውኃው ወገን ማየት፣ እዚህም አለ። በአንድ በኩል የጋሞ ተራሮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በሌላው የነጭ ሣር ሜዳ ይዘረጋል፤ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ደግሞ የእግዜር ድልድይ የተባለው ኮረብታማ መሬት አለ። ይህን ሁሉ ከላይኛው የከተማው ክፍል፣ ከሼቻ አፋፍ ላይ ሆኖ ማየት ያስደስታል፤ ከጫሞ መሐል ዞር ብሎ ማየት ግን በእኔ ግምት ይበልጣል፤ ከተማው ራሱ የተቀመጠበት አፋፍ የሚታየው ከዚያ ነውና።

ዕቅዱ የሚጀምረው ከወቅቱ ነው። በአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይጥላል፤ ሁለተኛው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጀልባ ይመቻል። የመስቀል ሰሞን ሌላ ውበት አለው፤ በአዲስ አበባ ሽመና ላይ የሰነበቱት ዶርዜዎች ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ነው። ያን ጊዜ የሚመጣ ሰው ዝናቡንም የመንገደኛውንም ብዛት አስቦ መኝታውንና ጀልባውን ቀደም ብሎ ይያዝ። ሰዓቱም እንደ ወሩ ሁሉ መመረጥ አለበት። ጠዋት ውኃው ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሊበረታ ይችላል፤ ሐይቆቹ ደግሞ ጥልቅ ስላልሆኑ ነፋስ ሲመታቸው ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል።

ከዚያ ውሉ ይመጣል። በጫሞ የተለመደው ጉዞ የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ ወደሚሞቁበት፣ «የአዞ ገበያ» ወደሚባለው ዳርቻ ደርሶ መመለስ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጀልባው በኮንትራት ሲያዝ ክፍያው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባው ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሆነው ቢሄዱም ስድስት ሆነው ቢሄዱም ሒሳቡ ለጀልባው ነው። ሳይሳፈሩ መልስ ማግኘት ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ነዳጁ ዋጋው ውስጥ ገብቷል ወይ? ጉዞው ስንት ሰዓት ይፈጃል? የፓርኩ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያስ? ነፋስ ተነሥቶ ጉዞው ቢቋረጥ ገንዘቡ ምን ይሆናል? ላይፍ ጃኬቱስ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጆችም በልካቸው አለ ወይ? የመጨረሻው ላይ ድርድር የለም። ጃኬት ከጎደለ ጀልባው ቆንጆ ስለሆነ ብቻ መሳፈር አይገባም። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሁለቱም ወገን ቢፈርሙበት እንግዳውንም ባለጀልባውንም ከጭቅጭቅ ያድናል። ይህ ልማድ በጫሞ ዳርቻ ሥር ቢሰድ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ኮንትራት የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር የካፒቴኑን ሥልጣን ነው። በዓለም ላይ በሚሠራባቸው የያት ውሎች ውስጥ መንገዱን የሚመርጠው ኮንትራቱን የያዘው ሰው ቢሆንም፣ ካፒቴኑ ለደኅንነት ያሰጋል ያለውን የመከልከል መብት አለው። ጫሞ ላይ ይህ መብት ሕይወት ነው። የአባይ አዞ እስከ 6 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከአዞው ይልቅ የሚያሰጋው ግን ጉማሬው ነው። ውኃ ውስጥ ሰምጦ ይቆያል፣ በድንገት ይወጣል፣ ግልገል ያላት እናት ደግሞ የቀረባትን አትታገሥም። «ለፎቶ ትንሽ ጠጋ በል» እያሉ ነጂውን መወትወት፣ ወይም ለጉርሻ ሲል እንዲደፍር ማድረግ፣ ውሉን ማፍረስ ነው። ሞተሩን ቀንሶ ከርቀት ሲቆም እንስሳቱ ወደ ውኃው ሳይሸሹ ይቆያሉ፤ ፎቶውም ያኔ ይሻላል።

አባያ ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። ስፋቱ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት ቦታ 13 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የብላቴ ወንዝና ሌሎች ወንዞች የሚያመጡት ደለል ከሥሩ ሳይረጋ ስለሚንሳፈፍ ውኃው ቀይ ቡናማ ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአገሩ ንግሥት በማርጌሪታ ስም ጠርቶት ነበር፤ በቆየ ካርታ ላይ «ማርጌሪታ» የሚል ካዩ አባያ ማለት ነው። በሐይቁ ውስጥ ደሴቶች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ ጊዲቾ የራሷ ነዋሪዎችና የቆየ የታንኳ ሙያ ያላት ናት። ወደዚያ መሄድ የፈለገ ሰው ለጫሞ የተዋዋለበትን ዋጋ ይዞ መነጋገር አይችልም። ርቀቱ፣ ነዳጁና የነፋሱ ጠባይ ስለሚለያዩ አባያን በደንብ የሚያውቅ ካፒቴን መፈለግ፣ ቀኑን ሙሉ በሚሸፍን ኮንትራት መዋዋል፣ የስንቁን ገንዘብም ለብቻው ቆጥሮ መስጠት አለበት። የደሴቲቱን ሰዎች አስቀድሞ በአስጎብኚው በኩል ማስፈቀድና ከመሸ በፊት የመመለሻውን ሰዓት መቁረጥም የዚያው ውል አካል ነው።