ድንበርና ዳኛ፤ የመሬት ይዞታ ጥበቃ ታሪክ በኮልፌ ቀራንዮ

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለው አነጋገር በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ፖሊስ በየአካባቢው ባልተደራጀበት ዘመን ድንበሩ የተገፋበት ሰው ይህን ቃል በገፊው ላይ ሲጠራበት፣ ገፊው እጁን ሰብስቦ ወደ ዳኛ መሄድ ግዴታው ነበር። ቃሉን ንቆ ሥራውን የቀጠለ ሰው ከመሬቱ ክርክር በላይ ሕግን በመድፈር ይወቀስ ነበር።

ይህ ልማድ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነበር። አንደኛው፣ የተጀመረው ጥፋት ሳይስፋፋ ወዲያውኑ እንዲቆም ማድረጉ ነው። ሁለተኛው፣ ተበዳዩም ሆነ በዳዩ በጉልበት ከመፋለም ተቆጥበው ጉዳያቸውን ለዳኛ እንዲያቀርቡ ማስገደዱ ነው። ሦስተኛው፣ ዳኛው ድንበሩን የሚያውቁ እማኞችን ጠርቶ መሬቱ የማን እንደሆነ ለይቶ መወሰኑ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ የመሬት ይዞታ ታሪክ ሲመረመር፣ ባለንብረቱ የተጠበቀው እነዚህ ሦስቱ በተሟሉበት ጊዜ፣ የተጎዳውም ከሦስቱ አንዱ በጎደለበት ጊዜ መሆኑ ይታያል።

ኮልፌ ቀራንዮ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ከአሥሩ አንዱ ሆኖ የተመሠረተ ነው። ከመርካቶ በስተምዕራብ ካለው ከአጠና ተራና ከኮልፌ ገበያ ተነሥቶ፣ በአየር ጤና፣ በዘነበ ወርቅ፣ በቤቴል፣ በዓለም ባንክና በቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ በኩል እስከ ከተማዋ ዳርቻ ይዘልቃል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 428,895 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ይህም በጊዜው ከአሥሩ ክፍለ ከተሞች ሁሉ የላቀ ቁጥር ነበር። የዛሬው መንደር የትናንት እርሻ እንደ መሆኑ መጠን፣ በዚህ አካባቢ የመሬት ጥያቄ ሲነሣ አራሽ፣ ገዢ፣ ደላላና የመንግሥት ሹም በአንድ ቦታ ይገናኛሉ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መሬቷ ለመኳንንቱ፣ ለጦር አለቆችና ለቤተ ክህነት በየሰፈሩ ተመርቶ ነበር። የይዞታው ማስረጃ የንጉሡ ቃልና የጎረቤት ምስክርነት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት የከተማ መሬት ደንብ ግን አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። በዚህ ደንብ መሠረት የከተማው መሬት በግል ባለቤትነት ሊያዝ፣ ሊሸጥና ሊለወጥ የሚችል ሆነ፤ ለባለይዞታዎችም የባለቤትነት ወረቀት መስጠት ተጀመረ። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም መሬት ቢፈልግ ካሳ ከፍሎ እንዲወስድ መታሰቡም ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ወሰን እንዳይገፋ የሚያዘው ሕግ መንግሥትንም ጭምር ማሰር ጀምሮ ነበርና።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ እንዲዛወር በመደረጉ የከተማዋ ፊት ወደ ምዕራብ ዞረ። ከነፃነት በኋላ ኮልፌ የነጋዴው፣ የሸማኔውና ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሠራተኛ መጠጊያ ሆነ። ይሁን እንጂ መሬቱ በጥቂቶች እጅ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተጠናው ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ከአዲስ አበባ መሬት 58 በመቶ የሚሆነው በ1,768 ባለርስቶች የተያዘ ነበር። ስለሆነም በዚያን ጊዜ የመሬት ጥበቃ ሲባል በአብዛኛው የሚጠበቀው ትልቁ ባለርስት ሲሆን፣ ጎጆ ቀልሶ የሚኖረው ጭሰኛና ተከራይ ከጥበቃው ውጭ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጉድለት በከፊል መልስ ሰጥቷል። የሕጉ ረቂቅ አዘጋጅ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባለቤትነትንና ይዞታን ለያይተው አስቀመጡ። በቁጥር 1148 እንደተደነገገው፣ ባለይዞታው ንብረቱን ለመንጠቅ የመጣበትን ሰው ሁኔታው ከሚያስገድደው በላይ ሳይሄድ በጉልበት ሊከላከል ይችላል፤ ንብረቱ በኃይል ወይም በስውር የተወሰደበትም እንደሆነ ነጣቂውን ወዲያውኑ አስለቅቆ ሊመልሰው ይችላል። ያ ጊዜ ካለፈ ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የፍርድ ቤት መንገድ ነው።

ቁጥር 1149 በሕግ ሰዎች ዘንድ «ሁከት ይወገድልኝ» እየተባለ የሚጠራውን ክስ ያቋቋመ ነው። ይዞታው የተነጠቀ ወይም የታወከ ሰው ንብረቱ እንዲመለስለት፣ ሁከቱም እንዲቆምለትና ኪሣራ እንዲከፈለው ይጠይቃል። ተከሳሹ ለአድራጎቱ የሚደግፍ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያወላውል ማስረጃ ካላስረዳ በቀር ዳኛው ንብረቱ እንዲመለስ ያዛል። ክሱ ግን ነጠቃው ከተፈጸመበት ወይም ሁከቱ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የጥንቱ የሮማ ሕግም በጉልበት የተነቀለ ባለይዞታ የባለቤትነቱ ክርክር ሳይጀመር ወደ ቦታው እንዲመለስ ያዝ ነበር። የ«በሕግ አምላክ» ልማድና የሮማው ትእዛዝ በአንድ የሕግ አንቀጽ የተገናኙ ያህል ነው።

የዚሁ ሕግ ታላቅ ክፍተት በመዝገብ በኩል ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን የሚመለከተው ክፍል በዝርዝር ከተጻፈ በኋላ፣ በቁጥር 3363 መሠረት ወደፊት በትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥለት ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል ተደረገ። በደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1858 የተጀመረው የቶረንስ ሥርዓት፣ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው ስም ራሱ የባለቤትነት ዋስትና እንዲሆን ካደረገ መቶ ዓመት አልፎ ነበር። በአዲስ አበባ ግን ዳኛው የሁከትን ክስ የሚሰማበት ሕግ በእጁ ሲኖር፣ ድንበሩን የሚያሳየው የተሟላ መዝገብ አልነበረውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ተቋቁመው የቦታና የቤት ክርክርን የሚያዩ የፍርድ ሸንጎዎች ተመሠረቱ። በአንድ በኩል አዋጁ የባለርስቱን የበላይነት አስወግዶ፣ ለኮልፌ ጎጆ ነዋሪ መሠረት ያለው ይዞታ ሰጥቶታል። በሌላ በኩል ደግሞ መሬትን የሚሰጠው፣ የሚነሣውና ክርክሩን የሚዳኘው አካል አንድና ተቀራራቢ እንዲሆን አድርጓል። ዳኛው ከባለጉዳዩ ካልተለየ «በሕግ አምላክ» ተብሎ የሚጠራበት አካል ይጠፋል።

የዚህ አደጋ ማስረጃ በሕግ መልክ የታየው ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 በደርግ ዘመን ከአዋጅ ውጭ በመንግሥት አካላት የተወሰዱ ንብረቶች ጉዳይ እንዲመረመርና ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ መንገድ ከፈተ። የአዋጁ መሠረተ ሐሳብ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ በአዋጅ የተወረሰውንና ያለ አዋጅ በሹም ትእዛዝ ብቻ የተነጠቀውን ለይቶ አይቷል። በዚህም መንግሥት ራሱ ሕገወጥ ነጣቂ ሊሆን እንደሚችል በሕግ ተረጋገጠ።

በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑን ሲደነግግ፣ ዜጋው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ለሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት ሰጠው። የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተሻሻለ። ነገር ግን የሊዝ ጨረታ ዋጋ ከሠራተኛው አቅም በላይ ሲሆን፣ በቀራንዮና በረጲ ዳርቻ ሌላ ገበያ ደራ። ከተማዋ እየቀረበችው የመጣች አራሽ፣ ነገ በአነስተኛ ካሳ ከሚለቀው ዛሬ ቆራርሶ ቢሸጠው ይሻለኛል ብሎ አሰበ። ሽያጩ በሕግ ስለማይፈቀድ ውሉ በስጦታ ወይም በብድር ስም ይጻፍ ነበር። ገዢውም ሹም ሳያየው ሌሊቱን ግድግዳ አቁሞ ቆርቆሮ ያለብስ ነበር፤ «የጨረቃ ቤት» የሚለው ስም የተገኘው ከዚህ ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ የቤት ችግር አስገድዶት፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ነገር ግን ሕግ የማያውቀውን ውል የያዘ ሰው ነው። ሌላው በሹም ትከሻ ተደግፎ የሰውን ይዞታ ወይም የሕዝብን ቦታ አጥሮ፣ ሐሰተኛ ካርታ አሠርቶ የሚቸረችር ነው። ሁለቱም በሕግ ፊት ያለ ፈቃድ የያዙ ቢሆኑም በደላቸው አንድ ልክ አይደለም። ማስከበሩ ለሁለተኛው ዘግይቶ ለመጀመሪያው ሲፈጥን፣ ሕዝቡ በሕግ ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል።

የከተማው አስተዳደር ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ለመለየት የተጠቀመበት ዘዴ ትምህርት ሰጪ ነው። በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. ከአየር የተነሡት ካርታዎች እንደ እማኝ ተቆጠሩ። በካርታው ላይ የታየ ቤት መመሪያው ያስቀመጠውን ሲያሟላ ሕጋዊ ሰነድ የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተለት፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው ግን ለመፍረስ ተጋለጠ። በጥንቱ ልማድ ድንበር ያሳይ የነበረው የሽማግሌ ቃል በአየር ፎቶግራፍ ተተካ ማለት ነው። የካርታው ጉድለት ቤቱን ማሳየቱ እንጂ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አለመናገሩ ነበር፤ ስለዚህ የጎረቤት ምስክርነት፣ የግብር ደረሰኝና የመብራት ቆጣሪ ወረቀት አብረው ይመረመሩ ነበር።

የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 በሕገወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ በሰባት ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማስለቀቅ እንዲቻል ፈቀደ። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ደግሞ ሕጋዊ ባለይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲነሣ ከዘጠና ቀን ያላነሰ ጊዜ እንዲሰጠው ያዝ ነበር። በሰባትና በዘጠና ቀን መካከል ያለው ልዩነት የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ በመዝገብ ካልተጻፈ፣ የአንድ ቤተሰብ ዕጣ በአንድ የደንብ አስከባሪ ግምት ላይ ይወድቃል።

ወሰን ሳይከበር መቅረቱ ከንብረት አልፎ ሕይወት እንደሚያስከፍል የቆሼ አደጋ አሳይቷል። በረጲ የሚገኘው የቆሻሻ መጣያ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዋን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። ከተማዋ ስትሰፋ ቤቶች ወደ ክምሩ ግርጌ ተጠጉ፤ ብዙዎቹም የጭቃና የላስቲክ ጎጆዎች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በመጣያውና በመኖሪያው መካከል መኖር የነበረበት ክፍት ወሰን በጊዜው ተለክቶ ቢጠበቅ ኖሮ፣ የዚያን ዕለት ሐዘን መጠን ሌላ በሆነ ነበር። የመጀመሪያው ጎጆ በተቀለሰበት ቀን የሚሰጥ ተለዋጭ ቦታ ከሺህ ቡልዶዘር ይበልጣል።

በጥር ወር 2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባወጣው ጥናት፣ በከተማዋ 1,338 ሄክታር ያህል መሬት በሕገወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን ገለጸ። ይህን ያህል ስፋት ያለው መሬት በአንድ ሌሊት አይታጠርም። አጥሩ ሲቆም ያየ ጎረቤት፣ ያለፈ ሹም፣ ወረቀት የጻፈ ሠራተኛ አለ። የቁጥሩ ትርጉም የነጣቂውን ብልጠት ያህል የጠባቂውንም መዘግየት የሚናገር ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 818 የከተማ መሬት ይዞታ በቦታው ተለክቶ፣ ወሰንተኞች ባሉበት ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. ተጽፎ የተዘገየው የመዝገብ ሐሳብ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ቀያሹ መሣሪያውን ተክሎ የወሰን ነጥቦችን ሲያነብ፣ ጎረቤቶች ቆመው «ልክ ነው» ወይም «አይደለም» ሲሉ፣ ክርክሩ ቤት ሳይፈርስ ደም ሳይፈስ በዚያው ቦታ ይገለጣል። በዘመናዊ ስሌት የተሠራው ይህ ሥራ በመሠረቱ የጥንቱ እማኝነት ነው።

እንግዲህ የመንግሥት ክንድ ባለንብረቱን የሚጠብቀው በማፍረስ ብርታቱ አይደለም። ፈራሽ ቤት ሁሉ ጥበቃው ዘግይቶ እንደደረሰ የሚመሰክር ነው። መዝገቡ ትክክለኛ ሲሆን፣ አቤቱታው በመጀመሪያው ቀን ሲሰማና ዳኛው ከመሬት ሰጪው ሲለይ ባለንብረቱ በአጥሩ ውስጥ ተዝናንቶ ይተኛል። ይህን የሚፈጽሙት ደግሞ በየሙያቸው የተሰማሩ ሰዎች ናቸው፤ ያልለካውን የማይፈርም ቀያሽ፣ ያላየውን ካርታ የማያጸድቅ መሐንዲስ፣ ውሉ የማይጸና መሆኑን ለገዢው አስቀድሞ የሚነግር ጠበቃ፣ የሁከትን ክስ ሳያጓትት የሚወስን ዳኛ። በኮልፌ ቀራንዮ ዳርቻ ነገ ለሚተከለው ችካል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የእነዚህ ሰዎች እውነተኛ ፊርማ ነው።