ዕድሜውን ማንም ያላወቀለት ጀልባ

ከፋይበርግላስ የተሠራ ጀልባ ስንት ዓመት ይኖራል? በ1961 ይህን ጥያቄ ለሠሪዎቹ ብታቀርቡላቸው አፉን ሞልቶ የሚመልስላችሁ አታገኙም ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።) እንጨት ይበሰብሳል፣ ትል ይበላዋል፤ ብረት ይዝጋል። ይሄ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የብርጭቆ ክርና ፕላስቲክ ተጣብቀው ጨው ውኃ ላይ ሲከርሙ ግን ሃያ ዓመት ይቆዩ ሃምሳ፣ አይቶ የሚመሰክር ሰው ገና አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች በዕቃው ያልተማመነ ባለሙያ የሚያደርገውን አደረጉ፤ አወፈሩት። ዛሬ እነዚያን ጀልባዎች አድሰን መንዳት የቻልነው በአብዛኛው በዚያ ጥርጣሬ ምክንያት ነው።

ባለፈው የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ከጀልባ ጋር ምን አገናኘዎት?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ዳር፣ አንድ ወዳጄ በ1960ዎቹ የተሠራ ባለ 31 ጫማ በርትራም አለው። ከክረምቱ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እየፈታን እየገጠምን ነው። ሥራው ራሱ ታሪክ ያስተምራል። አንድ ንብርብር በፋቃችሁ ቁጥር አንድ ዘመን ይወጣል።

ከክሩ እንጀምር። በ1932 ኦሃዮ ውስጥ ዴል ክላይስት የሚባል ወጣት ሠራተኛ የብርጭቆ ጡቦችን እርስ በርስ ለማያያዝ ሲሞክር፣ የቀለጠው ብርጭቆ በተጨመቀ አየር ተመታና ወደ ቀጫጭን ክር ተበተነ። የሚፈልገው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ! ፋብሪካው ግን ነገሩን አልጣለውም። ክሩን በርካሽ የማምረቻ ዘዴ ተበጀለትና መጀመሪያ ለሙቀት መከላከያ ዋለ። ፖሊዬስተር ሬዚን ሲገኝ ደግሞ ሁለቱ ተጋቡ። ሬዚን ብቻውን ተሰባሪ ነው፣ ክር ብቻውን ጨርቅ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ከክብደታቸው አንጻር የሚያስደንቅ ጥንካሬ አላቸው። በ1942 ሬይ ግሪን የሚባል ሰው እዚያው ኦሃዮ ከዚሁ ድብልቅ አንዲት ትንሽ ጀልባ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል 28 ጫማ የሆኑ የሰው ማመላለሻ ጀልባዎችን በዚሁ ዕቃ አሠራ። ለተራው ገዢ ግን ጀልባ ማለት ገና እንጨት ነበር፤ ፕላስቲክ ለመጫወቻ።

ሐሳቡን ለማስለወጥ ማዕበል አስፈለገ።

በ1958 ሮድ አይላንድ ኒውፖርት ላይ ለአሜሪካ ዋንጫ የሸራ ጀልባዎች ማጣሪያ ሲካሄድ፣ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የማያሚው ዲክ በርትራም ነበር። እዚያ አንዲት 23 ጫማ የሆነች አጃቢ የሞተር ጀልባ ዓይኑ ገባች። ሌሎቹ ፍጥነት ቀንሰው እየተላተሙ የሚያልፉትን ሞገድ እሷ ፍጥነቷን ሳትቀንስ ትሰነጥቀዋለች። የነደፋት ሬይመንድ ሃንት ነው፤ የመርከብ ምህንድስና ትምህርት ቤት ያልገባ፣ በራሱ የተማረ ሰው። የዘመኑ የሞተር ጀልባ ከፊት ሾል ብሎ ወደ ኋላ ሲሄድ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋ ሆድ በጸጥተኛ ውኃ ላይ ፈጣን ነው፤ ሞገድ ላይ ግን እንደ ጣውላ በጥፊ ይመታል፣ የነጂውን ወገብ ይቆርጣል። ሃንት የታችኛውን የቪ ቅርጽ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ይዞት ሄደ። ኋላ ላይ እንኳን በያንዳንዱ ጎን ወደ 24 ዲግሪ ያዘነብላል። ከሥሩ ደግሞ በቁመቱ ቀጫጭን ዘንጎች አስሮጠ፤ ውኃውን ወደ ጎን እየገፉ ጀልባውን ወደ ላይ ያነሱታል።

በርትራም ያንኑ ቅርጽ አስፍቶ ከእንጨት አሠራና በሚስቱ የቁልምጫ ስም «ሞፒ» አላት። በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ፣ ባሃማስ በሚደረገው ወደ 160 የባሕር ማይል ውድድር ገባች። ያን ቀን ባሕሩ ተቆጥቶ ነበር። ሞፒ በ8 ሰዓት ገደማ ናሶ ደረሰች። ሁለተኛዋ ጀልባ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣች፤ እሷም የሃንት ቅርጽ ያላትና ከፋይበርግላስ የተሠራች፣ ሞፒን በቁመት የማታህል ነበረች። ሦስተኛው? በማግስቱ! ከዚያ ወዲያ ስለ ቪ ቅርጽ የሚከራከር ጠፋ። ሃንት ለፈጠራው ፓተንት መያዝ አልቻለም፤ ዓለሙ ሁሉ ቀዳው። ዛሬ በፍጥነት የሚሄዱ የነፍስ አድን ጀልባዎችን ሆድ ብታዩ ያቺን ኒውፖርት ላይ የታየች አጃቢ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። በርትራም ከሞፒ የእንጨት አካል ላይ ሞልድ አስወጣ፤ ልክ ጡብ ከጡብ ማውጫ እንደሚወጣ፣ ከዚያ ሞልድ ውስጥ ባለ 31 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ ይወጣ ጀመር። በ1961 በኒውዮርክ የጀልባ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ፤ እስከ 1983 ድረስ ከ1,800 በላይ ተሠሩ። ልብ በሉ፣ በሞልድ ሲሠራ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። እንጨት ሠሪ አጥንቱን ያቆማል፣ ቆዳውን ያለብሳል፣ መጨረሻ ላይ ቀለም ይቀባል። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚገባው ውጫዊው ቆዳ ነው። በሰም የተወለወለው ሞልድ ላይ ቀለም ያለው ሬዚን ይረጫል፤ ጄልኮት የሚሉት እሱ ነው። ከዚያ የብርጭቆ ጨርቅና ሬዚን በላዩ ይነባበራል። አጥንቱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

ይሄን ሥርዓት ያልተረዳ ሰው ጄልኮትን እንደ መኪና ቀለም ያየውና ያበላሸዋል። የጄልኮት ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በቃ። ከሥሩ ፕራይመር የለም፣ ከላዩ ቫርኒሽ የለም። ፀሐይ ሲመታው ላዩ ይሞታል፤ በእጃችሁ ብታሹት እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ይወጣል። የወዳጄ ጀልባ አንድ ጎን ሰማያዊ መሆኑን ያወቅነው ከወንበሩ ሥር ፀሐይ ያልነካውን ጠርዝ ስናይ ነው። ማንጻቱ መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ አሮጌውን ሰም በማሟሟት ይጀምራል። ከዚያ ውኃ እያፈሰሳችሁ በብርጭቆ ወረቀት፦ ጉዳቱ ከበረታ በ800፣ ካልሆነ በ1000፣ ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000። ቀጥሎ በማሽን ኮምፓውንድ፣ ከዚያ ፖሊሽ፣ መጨረሻ ሰም። ማሽኑን አንድ ቦታ አቁማችሁ ከያዛችሁት ያቃጥለዋል። ማዕዘን ላይ ደግሞ ጄልኮቱ በጣም ስስ ስለሚሆን በእጅ ብቻ።

ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፤ ማንጻት ማለት መፋቅ ነው። እያንዳንዱ ማብረቅረቅ ከዚያች ግማሽ ሚሊሜትር ላይ ይበላል። ከእኛ በፊት የነበሩ ባለቤቶች ስንት ጊዜ እንደፋቁት የሚናገር መዝገብ የለም። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከደካማው እጀምራለሁ፤ ፖሊሽ ብቻውን ከመለሰው ብርጭቆ ወረቀቱ ኪሴ ይቀራል። ወዳጄ እንደ መስታወት ይሁንልኝ ይላል። እኔ ደግሞ ልጁም የሚፍቀው ነገር ይትረፍለት ባይ ነኝ። በዚህ ሁለት ቅዳሜ ተኳርፈናል።

የተሰነጠቀውን በአዲስ ጄልኮት ስትሞሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ካታሊስት ቀላቅላችሁ ቀብታችሁ በማግስቱ ብትነኩት ላዩ ይጣበቃል። አየር ሲነካው ላዩ በደንብ አይደርቅም። ፋብሪካ ላይ ይሄ ችግር አልነበረም፤ ፊቱ ሞልዱ ላይ ተለጥፎ ነበርና አየር አያገኘውም። እኛ የምንቀባው በተቃራኒው ከውጭ ነው። ስለዚህ ሰም ያለው ጄልኮት መጠቀም ወይ በስስ ፕላስቲክ መሸፈን ግድ ነው።

አካሉ ራሱ፣ ያ በጥርጣሬ የወፈረው፣ እንዳለ አለ። በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን አንኳኳነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ነው የሚመልሰው። እንዲህ ባሉ አሮጌ ጀልባዎች ድምፁ የሚታፈነው እንጨት ባለበት ነው። ፋይበርግላስ አይበሰብስም ብለው የተማመኑ ሠሪዎች ውስጡን ግን በሚበሰብሰው አጠነከሩት፤ ኮምፔንሳቶና ጣውላ በፋይበርግላስ ጠቅልለው ወራጅ አደረጉት። አንድ ሰው ከዓመታት በኋላ ለአንዲት ብሎን ቀዳዳ ይበሳል፣ በደንብ አይደፍነውም፤ ውኃ ይገባል፣ መውጫ የለውም። ከላይ ሲያዩት ሙሉ፣ ከውስጥ ገንፎ። የእኛው ላይ አንዱ ወራጅ እንዲህ ሆኖ አገኘነው፤ በማንኪያ ነበር የሚወጣው።

ሞተሩ ላይ ስንደርስ፣ አውቶ መካኒክ የተማራችሁት እንደ ቤታችሁ ትሆናላችሁ። የዚያ ዘመን አሜሪካ ርካሽ የፈረስ ጉልበት የነበራት በመኪና ፋብሪካ ነው። ሞፒ ራሷ በሁለት የሊንከን ሞተሮች ነው ያሸነፈችው። ካንዴላው፣ ቴስታታው፣ ባልቦላው፣ ዲስትሪቢውተሩ ያው የምታውቁት ነው፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደው የጋራዥ ቋንቋ ቼሳፒክ ላይም ሠራ! ኑሮው ግን ሌላ ነው። መኪና ቁልቁለት ላይ ያርፋል፣ ሜዳ ላይ በትንሽ ጋዝ ይሄዳል። ጀልባ ዕድሜ ልኩን ዳገት ላይ ነው። ጋዙን የለቀቃችሁ ለታ ውኃው ይይዘዋል።

ስለዚህ ቱኒንግ የሚጀምረው ካርቡሬተር ከመነካካት አይደለም። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን። በግራው ሞተር ስምንቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ናቸው፤ በቀኙ ሰባቱ ከ140 በላይ ሲሆኑ አንዱ 95 ላይ ቆመ። ትንሽ ዘይት ጨምረን ብንለካው ንቅንቅ አላለም፤ እንግዲህ የፒስተን ፋሻ ሳይሆን ባልቦላ ነው ማለት ነው። ምክንያቱን ስንፈልግ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ከውስጥ በጨው ተበልቶ አገኘነው። እነዚህ ሞተሮች በባሕር ውኃ ነው የሚቀዘቅዙት፤ ዝገቱ ሲበሳው ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ባልቦላው ላይ ይቀመጣል። ይሄን ሳያዩ ኮንታክቱን አስተካክሎ፣ በላይት ማቀጣጠያውን ሰዓት ይዞ «ተስተካክሏል» የሚል መካኒክ ከዚህ በፊት ወዳጄን ሁለት ጊዜ አስከፍሎታል።

የመኪና ካርቡሬተር አምጥቶ መግጠምም አይሞከርም። የጀልባው ሲሞላ ቤንዚኑን ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አያፈስም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መኪና ላይ ነፋስ ይወስደዋል፣ ጀልባ ላይ ግን ወለሉ ሥር ተኝቶ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ለዚህ ነው ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ማራገቢያው ቢያንስ አራት ደቂቃ የሚሠራው።

በዚህ መሀል የመጣው ሌላ ነገር የበለጠ ያሳዝናል። በ2000ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን በየወደቡ መሸጥ ሲጀምር፣ የድሮ በርትራሞችን ጨምሮ የፋይበርግላስ ነዳጅ ታንክ ያላቸው ጀልባዎች ሞተር ይነክስባቸው ጀመር። አልኮሉ የታንኩን ሬዚን እያሟሟ ባልቦላ ላይ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይጋግራል። አርባ ዓመት ጨው ውኃ ያልደፈረውን ዕቃ ማደያው ደፈረው። ያኔ ነው ብዙዎቹ ቤንዚኑን ነቅለው ናፍጣ የገጠሙት። እኔም ወዳጄን የምመክረው ይህንኑ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይፈነዳም፣ ባሕር መሀል ማቀጣጠያ ረጠበ ብሎ አይቆምም። «ኦሪጅናሉ ይጠበቅ» የሚሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያ ሞተር ያኔ የተመረጠው ርካሽና ቅርብ ስለነበረ ነው። ኦሪጅናል የሚባል ነገር ካለ የሃንት ቪ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ለምትሉ፦ የእንጨት ጀልባ ሲሞት ይነዳል፣ ወይ አፈር ይሆናል። ፋይበርግላስ እንደ ብረት አይቀልጥም፣ አይበሰብስም፤ ተቆርጦ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚገባው፣ ለዚያውም በገንዘብ። ፈረንሳይ ከ2019 ጀምሮ ከአዲስ ጀልባ ሻጮች በሚሰበሰብ ክፍያ አሮጌዎቹን የሚያፈርስ ሥርዓት አቁማለች። ሌላ ቦታ ብዙ ባለቤት ስሙን ፍቆ ወንዝ አፍ ላይ ጥሎት ይሄዳል። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ወፍራሞች ግን ዛሬም ሞተራቸው ወጥቶ፣ እንጨታቸው ተቆርጦ፣ ባዶ ቅርፊታቸው ብቻ በተጎታች ላይ ተቀምጦ ገዢ ያገኛሉ።