የመቶ አለቃ ዘነቀ ቃኚዎችና የእኛ የአሶሳ መንገድ

በግንቦት 1945 ዓ.ም. ኮሪያ ውስጥ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ መኮንን ወደ 15 የሚጠጉ ወታደሮችን አስከትሎ በሌሊት ከምሽግ ወጣ። ስሙ መቶ አለቃ ዘነቀ አስፋው ይባላል። ክፍሉ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ የሚመራው ሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ሲሆን፣ ሻለቃው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር። ጓዱ የወረደው «ዮክ» ከተባለው ምሽግ ፊት ለፊት ወዳለው ሸለቆ ነው።

ቃኚ ማለት አይቶ የሚመለስ ነው። ከተቻለም ሳይታይ። ዘነቀ ግን በጨለማ የገጠመው ወደ ምሽጉ የሚገሰግስ፣ በቁጥር በብዙ እጥፍ የሚበልጠው የቻይና ጦር ነበር። ወደ ኋላ ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ሥራው ማየት ነውና። እሱ ግን ባለበት ቆሞ ተዋጋ፣ የወገን መድፍም ተጠራለት። ምሽጉም አልተደፈረም። ከ1943 ጀምሮ ተራ በተራ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው ወድቋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም።

ለእኔ ከጀግንነቱ እኩል የሚገርመኝ ይህን ሁሉ ማወቃችን ነው። ያወቅነው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ መኮንንና ጸሐፊ ከውጊያ የተመለሱ ወታደሮችን ቁጭ አድርጎ ስለሚጠይቅ ነው። ማን የት ነበር? ማን ቀድሞ ተኮሰ? በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተባለው መጽሐፉ ለዚህ ጓድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚሁ ርዕስ ግሪጎሪ ፔክ የሠራበት ፊልም ወጣ፤ ዘነቀ ግን የለበትም።

ማርሻልን በጭፍን እመኑት አልልም። «ከተዋጊው አብዛኛው አይተኩስም» ብሎ በሌላ መጽሐፉ የሰጠውን መቶኛ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታሪክ ባለሙያዎች መሠረት የለውም ብለው ነቅፈውታል። የእኛንም ስሞች አበላሽቷል፤ የዮክን አዛዥ «ቤዛቢብ አዬላ» ይለዋል። በዛብህ አየለ ለማለት ነው መቼስ! ያም ሆኖ የተበላሸ ስም ከጠፋ ስም ይሻላል። የተበላሸውን ማቃናት ይቻላል።

የጠፋው እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን ያስለቀቀው በእንግሊዝ ዕዝ ሥር ሆኖ በሱዳን በኩል የመጣ የቤልጂግ ኮንጎ ጦር ነው። ከዚያ ጋምቤላን ይዞ በክረምቱ መግቢያ ሳዮ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ ድረስ ዘልቋል። መቼም ያለ ቃኚ የሚገሰግስ ጦር የለም፣ አገሩን የማያውቅ ቃኚ ደግሞ ያለ መሪ አይሄድም። ከኩርሙክ እስከ አሶሳ ባለው አገር ውኃው የት እንዳለ፣ የትኛው ቆላ እንደሚያልፍ የሚያውቀው የበርታ ሰው ነው። በጠቅላላ የጦርነቱ ታሪኮች ውስጥ ግን የቦታና የአዛዥ ስም እንጂ የመንገድ መሪ ስም አይገኝም። ማርሻል ያቀረበውን ዓይነት ጥያቄ እነሱን የጠየቀ አልነበረማ።

የዓይን ምስክሮቹን አሁን አናገኝም፤ ሰማንያ ዓመት አልፏል። ከአባታቸውና ከአያታቸው የሰሙ ግን ጾሬም፣ ሆሞሻም፣ መንጌም ይኖራሉ። ለዚህ ሥራ አማርኛ ብቻውን አይበቃም፣ ጠያቂው በርታኛ መስማት አለበት። ከመካከላችን በርታኛ እየተናገሩ ያደጉና ዛሬ በየወረዳው የሚያስተምሩ አሉ። መምህራኑ የመጠይቁን ቅጽ ቢያዘጋጁ፣ እነሱ በክረምቱ ዕረፍት ስልካቸውን ይዘው ሽማግሌ ዘንድ ቢቀመጡ፣ ቅጂው ደግሞ በቤተ መጻሕፍታችን ቢቀመጥ ወጪው የትራንስፖርትና የቡና ነው። የመጀመሪያው ጥያቄም ቀላል ነው፦ በዚያ ዓመት ወታደሮቹን ፊት ፊት እየሄደ መንገድ ያሳያቸው ማን ነበር?