የታሰረው ፈረስ፣ የተፈታው ጡንቻ

ግእዝ «ጸንዐ» ሲል ጠነከረ፣ በረታ ማለቱ ነው። የመጨረሻዋ የጉሮሮ ድምፅ በአማርኛ አፍ ሟሟችና «ጸና» ቀረ። ከዚህ አንድ ግንድ «ጽናት» ወጣ፤ «ጽኑ ሕመም»ም ወጣ። «በሽታው ጸናበት» ስንል ብርታቱ የበሽታው ነው። በረጅም ርቀት የፈረስ ግልቢያ ሁለቱ ቅርንጫፎች አንድ ጀርባ ላይ ይገናኛሉ።

ከዚህ ስፖርት ውድድሮች አንጋፋው በካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች የሚካሄደው የቴቪስ ዋንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ተጀመረ፤ 100 ማይሉን፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ያህሉን፣ በ24 ሰዓት መጨረስ ግድ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ፈረስ ድንገት ሊገተር ይችላል፦ ላብ ያጠምቀዋል፣ ታፋው እንደ እንጨት ይጠጥራል፣ የኋላ እግሩ አልራመድ ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፈረሰኞች ይህን «ታይንግ አፕ» ይሉታል፤ መታሰር። «አሰረ» በግእዝም፣ በዕብራይስጥም፣ በዐረብኛም ያው ማሰር ነውና ስሙ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ሐኪሙ ግን በግሪክኛ ተቃራኒውን ይጽፋል፦ ራብዶሚዮሊሲስ። «ራብዶስ» በትር፣ «ሚስ» ጡንቻ፣ «ሊሲስ» መፍታት። ውስጥ ውስጡን ጡንቻው እየተፈታ ነዋ! ሕዋሱ ይፈርሳል፣ ሚዮግሎቢን የተባለው ቀይ ፕሮቲን ወደ ደም ይፈሳል፣ ሲጠና ሽንቱ ቡና ይመስላል። ባለፈረሱ በእጁ የዳሰሰውን ሰየመ፣ ሐኪሙ ከቆዳ በታች ያለውን። አንድን ሕመም ማሰርም መፍታትም ብለው የጠሩ ሁለት ስሞች፣ ሁለቱም እውነት! ከዚህ የሚያስደስተኝ ጥንድ ብዙ አላየሁም።

«ሚስ» ለግሪኮች አይጥም ነው። ሮማውያንም በዚያው መንገድ ጡንቻን «ሙስኩሉስ»፣ ትንሿ አይጥ፣ አሉት። የእኛ «ጡንቻ» ከ«ጥንቸል» ጋር መጎራበቱ ያጓጓል፤ ድምፅ ብቻውን ግን ዝምድና አያስመሰክርም። የግእዙ «ሥርው» ይሻላል፦ የዛፍ ሥር ነው፣ የሰውነት ጅማትም ነው። «የደም ሥር» የምንለው ከዚያ ድርብ ፍቺ የቀረልን ነው። «ሥርወ ቃል» የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ጅማትም እየዳሰሰ ነው።

ሕመሙ ሌላ የቆየ ስም አለው፦ «የሰኞ ጠዋት በሽታ»። የሥራ ፈረስ እሑድ ሙሉ ገፈራውን እየበላ ያርፋል፤ ሰኞ ሲጠመድ ይታሰራል። ስሙ መከላከያውንም ይናገራል፦ በዕረፍት ቀን እህሉን ቀንሱ፣ ፈረሱን ከነጭራሹ አታቁሙት። በዘር የሚወረስ ዓይነትም አለ፤ ለዚያ መኖው በሐኪም ይወሰናል።

«ማሟሟቅ»ን ደግሞ ልብ በሉ። ሥሩ «ሞቀ» ነው። አማርኛ «ሟ»ን ደግማ ሥራው ጥቂት በጥቂት መሆኑን በቃሉ ውስጥ አስገባችው። የፈረሱም ሕግ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ግልቢያ ከዚያ ወዲያ። ሲያበቃም በዚያው መሰላል መውረድ ነው። በላብ ጨው ስለሚወጣ በየጣቢያው ውኃና ጨው ይሰጣል።

«እርካብ» የመጣው ከዐረብኛው «ሪካብ» ነው፤ «ረኪበ» ተቀመጠበት፣ ጋለበ ማለት ነውና። «መርከብ» እኅቱ ናት፤ የዕብራይስጡ «መርካባ»፣ ሰረገላው፣ ዘመዳቸው። በአገራችን የቀድሞ ፈረሰኛ በጠባብ እርካብ ውስጥ አውራ ጣቱን ብቻ ይሰካ ነበር። በእነዚያው ሦስት ፊደላት ግእዝ «ረከበ» ሲል አገኘ ማለቱ ነው፤ «ተረከበ» ከዚያ ነው። ፈረስ መንገድ ላይ ከታሰረ ከእርካብ መውረድ፣ ታፋውን ማልበስ፣ ሐኪም መጥራት ነው። እንዲራመድ መጎተት ጉዳቱን ያባብሳል፤ ቆሞ ይጠብቅ፣ ሐኪሙ እዚያው ይረከበው።