የሚከፈልበት ቪፒኤን ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ያስፈልጋል?

ቪፒኤን ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የሚወጣው መረጃ ተመስጥሮ በአንድ ድርጅት ሰርቨር በኩል እንዲያልፍ የሚያደርግ የግንኙነት አገልግሎት ነው። ገንዘብ ማስተላለፍና የመንግሥት አገልግሎት መጠየቅ በእጅ ስልክ የሚፈጸሙ በመሆናቸው፣ ለቪፒኤን በየወሩ መክፈል ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለአብዛኛው ተገልጋይ መልሱ አያስፈልግም የሚል ነው።

ለአብነት ያህል ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃን አድሮ በሆቴሉ ዋይፋይ ቢጠቀም፣ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ በሚጀምር ትክክለኛ ገጽ ላይ የሚያስገባውን የይለፍ ቃል የዋይፋዩ ባለቤት ማንበብ አይችልም። ሊያውቅ የሚችለው በአመዛኙ የትኛው ድረ ገጽ እንደተጎበኘ ነው። ቪፒኤን ይህንንም ይሸፍናል። ሆኖም ከሆቴሉ የተሰወረው ለቪፒኤን ድርጅቱ ይገለጣል፤ ተገልጋዩ እምነቱን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ ከማመን አልዳነም።

ይህ ስጋት በተግባር የታየ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ የተባለ ድርጅት መረጃን ይጠብቃል የተባለ ነፃ የቪፒኤን መተግበሪያ ያቀርብ ነበር። መተግበሪያው የተጠቃሚዎችን የስልክ አጠቃቀም እየሰበሰበ ለፌስቡክ የንግድ ጥቅም ያውል እንደነበር በመረጋገጡ፣ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በድምሩ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ወስኗል። ነፃ ቪፒኤን ከመጫን ምንም አለመጫን የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የሚከፈልበትም ቢሆን የማያስቀራቸው ጉዳቶች አሉ። «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለሚደውል አጭበርባሪ የቴሌብር የምስጢር ቁጥሩን ወይም በአጭር መልእክት የደረሰውን የማረጋገጫ ኮድ የነገረ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ቪፒኤን ቢኖረውም ነው። በሐሰተኛ ገጽ ላይ የፋይዳ ቁጥሩን ያስገባም እንዲሁ። ኢንተርኔት በተቋረጠበት አካባቢም ቪፒኤን መስመር አይከፍትም።

ወጪው በዋጋው ብቻ አይለካም። የታወቁት አቅራቢዎች የውጭ ድርጅቶች በመሆናቸው ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪና በዓለም አቀፍ ካርድ ይፈጸማል። ምስጠራው ከዳታ ጥቅሉ ተጨማሪ ይወስዳል። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ የሚገኝ አገልግሎት በአውሮፓ ሰርቨር ዞሮ ሲጠየቅ ይዘገያል፤ ባንኩም ጥያቄው ከውጭ አገር የመጣ መስሎት ሊከለክል ይችላል።

ክፍያው የሚያዋጣው በሥራው ጠባይ ዘወትር የሕዝብ ዋይፋይ ለሚጠቀምና የሚጎበኛቸው ገጾች እንዲታወቁበት ለማይፈልግ ሰው ነው። ከቤት ሆኖ ወደ መሥሪያ ቤቱ የውስጥ መረብ የሚገባ ሠራተኛ ግን ቪፒኤኑን ከመሥሪያ ቤቱ መጠየቅ እንጂ ከኪሱ መግዛት አይኖርበትም።

ለመግዛት የወሰነ ተገልጋይ የድርጅቱ አሠራር በገለልተኛ ኦዲተር የተመረመረ መሆኑን ማጣራት፣ በቅድሚያም ለአንድ ወር ብቻ ከፍሎ መሞከር ይኖርበታል። የረጅም ጊዜ ውል የመነሻ ዋጋው ዝቅ ብሎ በእድሳት ጊዜ የሚንርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፤ የደንበኝነት ውሉ የእድሳቱ ቀን ከመድረሱ በፊት በተከፈተበት አካውንት በኩል መሰረዝ አለበት።