የደብሩ ካብ

የሀገራችን የደን ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ ከነገሥታት ይጀምራል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ደን እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል፤ የዐፄ ምኒልክም ስም ከባሕር ዛፍ ጋር ይነሣል። ዘሩን ተሸክሞ የመጣውና ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ግን ስሙ አልተጻፈለትም። እኔ ዛሬ ላወሳ የወደድሁት እንዲህ ያሉ ስም የለሾች በቅርቡ ዘመን የሠሩትን ሥራ ነው።

በደቡብ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ በታረሰው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ክቦችን ያያል። በእያንዳንዱ ክብ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከጥንቱ ደን የተረፈው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፦ ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ በቅርንጫፎቹም ላይ ወፎቹ፣ በአንዳንዱ ደብር ደግሞ ጉሬዛው። ካህናቱ ደኑን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ይሉታል።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን የምናውቃቸው በ«እመጓ» እና በ«ዝጎራ» ደራሲነታቸው ነው። እኒሁ ደራሲ የደን ሊቅም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለ እነዚሁ ደኖች ነበር። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ብቻ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች ተመዝግበዋል።

የሚያስጨንቀው ከግንዱ ሥር ያለው ነገር ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር መጥረቢያን አስቁሟል፤ ከብትን ግን ማን ያስቁም? ከብቱ ቡቃያውን ይግጣል፤ አፈሩንም ረግጦ ያጠነክረዋል። የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር ደግሞ በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ሕያው ሆኖ አይቆይም። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ስትወድቅ ከሥሯ ተራውን የሚጠብቅ የለም። ከሩቅ ግርማው የሚያስደንቀው ደን፣ ውስጡ ሲገባ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ሆኖ ተገኘ። በአጥር በተከለለ ስፍራ ግን ችግኝ የመትረፍ ዕድሉ እንደሚጨምር ጥናቱ አሳየ።

ዶክተር ዓለማየሁ በሜክሲኮ በተደረገ ጉባኤ ላይ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ተገናኙ። ኋላም ሁለቱ ከሰማይ የተነሣ የደኖቹን ምስል ለካህናት አሳዩ። ካህናቱ ደብራቸው በቡናማ ባሕር መካከል የቀረች ደሴት መሆኗን በዓይናቸው አዩ።

አጥሩም የድንጋይ ካብ ሆነ። ከውጭ የተሰበሰበ ገንዘብ ረድቷል፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን ግን የሰጠው ምእመኑ ነው። እኔን እጅግ የሚማርከኝ የድንጋዩ መገኛ ነው፤ የመጣው ከእርሻው ነውና። ዘመናትን ሙሉ የገበሬውን ማረሻ ሲያዶለዱም የኖረው ድንጋይ ተለቅሞ ለደኑ ቅጽር ሆነ፤ ማሳውም ጸዳ። ደኑ ለማሳው የሚመልሰው ብድርም አለው፤ ኑግን የመሰለ ሰብል በንብ የሚዳቀል ነው፣ ንቧም ማረፊያ ትሻለች። ለዚህ ሥራ አዲስ ቃል መፈለግ አላስፈለገም፤ ደቦ የሚለው ቃል ከጥንት ነበረ።

በአንዳንድ ደብር ካቡ የተካበው በደኑ ዳር ላይ ሳይሆን ጥቂት ራቅ ተደርጎ ነው። ይህ ማለት ገበሬው ከብቶቹን ሲያግጥበት ከነበረው መሬት ላይ ቆርሶ ሰጠ ማለት ነው። በካቡና በአሮጌዎቹ ዛፎች መካከል ባለችው በዚያች ጠባብ መሬት ላይ አሁን ቡቃያ አለ።