አሮጌው ቅጂ፦ የሶፍትዌር ግንባታና ሥምሪት አጭር ታሪክ



የሶፍትዌር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በፈጠራዎች ቅደም ተከተል ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ግን የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ አሁን በማሽኑ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም በእርግጥ እኛ የጻፍነው ነውን? ኮድ ተጽፎ አገልግሎት እስኪሰጥ ድረስ ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል። ማሽን ሊያስኬደው ወደሚችል መልክ ይለወጣል፤ ይህ ግንባታ ነው። ወደ ሰርቨሮች ይደርሳል፤ ይህ ሥምሪት ነው። ሰርቨሮቹም እንዲቀበሉት ይሰናዳሉ፤ ይህ ቅንብር ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ አሮጌ ቅጂ ሳይተካ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄው በግልጽ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስቱዋርት ፌልድማን ሜክ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ያነሣሣው የባልደረባው ገጠመኝ ነበር። ባልደረባው ስሕተቱን ካረመ በኋላ የታረመው ፋይል እንደገና ኮምፓይል ሳይደረግ በመቅረቱ፣ በትክክለኛ ኮድ ውስጥ የሌለ ስሕተት ሲፈልግ ረፋዱን በከንቱ አሳለፈ። ሜክ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት በጽሑፍ እንዲሰፍር ያደርጋል፤ ፋይሎቹ የተለወጡበትን ሰዓት አነጻጽሮም ያረጀውን ብቻ እንደገና ይገነባል። ቀድሞ በባለሙያው ትውስታ ላይ የነበረው ሥራ በዚህ መንገድ ወደ ጽሑፍ ተሸጋገረ።

በ1993 ማርክ በርጅስ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቅንብር አመጣው። በሲኤፍኤንጂን አስተዳዳሪው ማሽኑ ሊኖረው የሚገባውን ሁኔታ ይገልጻል፤ ፕሮግራሙም በየጊዜው እየመረመረ የተዛነፈውን ወደዚያ ሁኔታ ይመልሳል። አማዞን በ2006 ሰርቨርን በክላውድ ማከራየት ሲጀምር ደግሞ ማሽኑ ራሱ በፕሮግራም ትእዛዝ የሚፈጠርና የሚሰረዝ ነገር ሆነ። የተበላሸውን ሰርቨር ከመጠገን ይልቅ ከተጻፈው መግለጫ አዲስ መፍጠር እየቀለለ ሄደ።

ይሁን እንጂ መሣሪያ መኖሩ ብቻ በቂ እንዳልሆነ የሚያሳየን ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በኦገስት 1 ቀን 2012 በኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ለሚጀመር አዲስ አሠራር ኮድ አዘጋጅቶ ነበር። ኮዱ ሊጫን ከሚገባባቸው ስምንት ሰርቨሮች አንዱ ተዘለለ። ሁለተኛ ሰው ሥራውን እንዲያጣራ የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብም አልነበረም። በተዘለለው ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ፣ ነገር ግን ያልተወገደ ፓወር ፔግ የተባለ ኮድ ተቀምጧል። አዲሱ ኮድ የሚጠቀምበት ማብሪያ ምልክት ደግሞ ቀድሞ ፓወር ፔግን ያንቀሳቅስ የነበረው ነው። ገበያው ሲከፈት አሮጌው ኮድ ነቃ፤ ትእዛዝ መላኩን የሚያስቆመው ቆጠራ በ2005 ከስፍራው ተዛውሮ ስለነበር ማባራት አልቻለም።

ከገበያው መከፈት በፊት ስሕተት መኖሩን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች በራስ ሰር ለሠራተኞች ተልከው ነበር፤ እርምጃ የወሰደ ግን አልነበረም። ባለሙያዎቹ ችግሩን ለመፍታት አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች ሲያነሡ፣ በእነርሱም ላይ አሮጌው ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ተፈጸሙ፤ ኪሳራውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ድርጅቱ በቀጣዩ ዓመት ጌትኮ ከተባለ ድርጅት ጋር ተዋሐደ።

የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሲጥል፣ ጉዳዩን በአንድ ቴክኒሻን መዘንጋት አልዘጋውም። ጥፋቱ አስፈላጊውን ቁጥጥር ያልዘረጋው የድርጅቱ መሆኑን ወሰነ። ለታሪክ ተመራማሪ ትልቁ ነጥብ ይህ ይመስለኛል፤ ሥምሪት ከባለሙያ የግል ጥንቃቄ ወጥቶ የተቋም ኃላፊነት ሆኖ በይፋ ተቆጠረ።

በራስ ሰር መሥራትም የራሱን አደጋ ያመጣል። በፌብሩዋሪ 2017 በሰሜን ቨርጂኒያ አንድ የአማዞን ሠራተኛ ጥቂት ሰርቨሮችን ለማንሣት ያስገባው ትእዛዝ በመሳሳቱ ከታሰበው በላይ ብዙ ሰርቨሮች ተነሡ፤ የመረጃ ማከማቻ አገልግሎቱም ለሰዓታት ተስተጓጎለ። ኩባንያው መሣሪያውን በዝግታ እንዲያነሣና ከዝቅተኛው መጠን በታች እንዳይወርድ አድርጎ አስተካከለው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ከሜክ እስከ ክላውድ ያለው ጉዞ የዚህ አባባል ማስረጃ ነው። ነገር ግን ፓወር ፔግም የተወረሰ ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ተማሪዎች፣ ስለምትጽፉት አዲስ ኮድ ብቻ ሳይሆን ከስፍራው ስላልተነሣው አሮጌ ኮድም፣ ሥራውንም ማን እንዳጣራው እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።